ሰፍቶ ያልበቃው ቀሚስ

ይድረስ ለእትዬ ማኑሄ፣ ደሴ። እንደምን ከርመዋል? እኛ መካኒሳ ደህና ነን፤ ልጄ እድላዊትማ ከደህናም አልፋለች።

በጥር ወር ላለብን የጎረቤት ሠርግ የአዲስ ቀሚስ ዋጋ የማይቀመስ ስለሆነ፣ የአምናውን የሚዜ ቀሚሷን በዳንቴል እናድሰው ብለን ልብስ ሰፊው ያሕያ ጋ ወሰድነው። ወገቡን ትንሽ አስፋልኝ አለችው፤ አሰፋላት። በሳምንቱ እንደገና አስፋልኝ አለች። አጥብበህባት ነው ብዬ ስቆጣው፣ «ማዘር፣ ቀሚሱ አልጠበበም» አለኝ። ልጅቷ ደግሞ ከሎሚ በቀር ምግብ አታስጠጋም። በሎሚ የወፈረ ሰው አይቼ አላውቅም።

እርስዎ ጋ የተከራየው በፍቃዱ፣ ለመስቀል መጥቶ እኛ ቤት የከረመው፣ ለሠርጉ እንዳይቀር ይንገሩልኝ። ለእሱ አዲስ ሱፍ አሰፋለታለሁ፤ ልኩን የማሳየውም እኔው ነኝ።

እግዚአብሔር እርስዎን ይጠብቅልኝ፤ በፍቃዱን ደግሞ እርስዎ ይጠብቁልኝ።

እህትዎ ዘነቡ