ሁለተኛዋ ዓይን

ሰኞ፣ ግንቦት 6፣ ከቀኑ 11 ሰ.

አሁንም የቀበሌው ግንብ። አሁንም መፈክር። ቀይ ቀለም እስከ ክርኔ። በሳሙናም አይለቅ፣ በነጭ ጋዝም አይለቅ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከእኔ ሌላ ብሩሽ የሚይዝ ሰው የጠፋ ይመስል።

ማስታወሻዬ፣ ላንተ ብቻ፦ በደብተሬ የምሥለው ታሪክ ገጽ 31 አለቀ። ግማሽ ፊቱ ጋኔን የሆነው ሰውዬ ገደሉን ወርዶ ጨለማው አገር ገብቷል። ሰው እየሰረቀ የሚበላውን ትልቁን ጋኔን ፍለጋ። የትልቁ ጋኔን ፊት የሊ/መንበራችን ነው። ያ የተሸበሸበ ግንባሩ፣ ያ ጢሙ። በጎን ሣልኩት፣ ባንድ ዓይን። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሥል ያስተማረኝ ነው፦ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ጋኔንና ከሃዲ ባንድ። ደስ አለኝ። እስካሁን ደስ ይለኛል።

ሥዕሉን የምናየው እኔና እህቴ ስንዱ ብቻ ነን። ባሏ ዓለሙ ከከብት ገበያ ታፍሶ ለዘመቻ ከተወሰደ ወዲህ ካልለመኗት አትቀምስም፣ ካላናገሯት አትናገርም። ያሳፈሰው ሊ/መንበሩ ራሱ ነው። ኮታ ጎደለበት። ስንዱ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቀኛለች፦ ከዚያስ? ገጽ በሠራሁ ቁጥር፣ ከዚያስ? እያየች ትጎርሳለች። ለዚህ ነው የምሥለው።

ግንቦት 9

ተጣላን። ገጽ 33 ላይ ለሰውዬው ውኃ የሰጠችውን ውኃ ቀጂ ገደልኳት። ስንዱ ደብተሩን ዘጋችው። በዚህ አገር አንድም ሰው አይተርፍም ወይ፣ ለሌላው ውኃ የሚያቀብል አንድ እንኳ የለም ወይ አለች። የለም አልኳት። ጨለማ ነው፣ ማን ያቀብላል? እኛን ማን አቀበለን? ጮኽኩባት። እራቷን አልበላችም። እኔም አልበላሁ። ይበለኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11፣ ገበያ

ምን ዓይነት ደደብ ነኝ።

ሊ/መንበሩ ዋናው መንገድ ዳር ያለው ግንብ ላይ ዘማቾች ሣል ብሎኝ ነበር። ከአውራጃ የመጣ ፎቶ ሰጠኝ። ወታደሮቹ ይራመዳሉ፣ ሁሉም በጎን። እንዳለ ቀዳሁት። ለስንዱ ብዬ የዓለሙን ፊት ከመካከል አስገባሁ፣ እንድታየው። ዛሬ ገበያተኛው ግንቡ ፊት ቆመ። ከፈረስ ቤት ከተማ የወረዱ አንድ ሽማግሌ ቄስ በመቋሚያቸው ወደ ሥዕሉ ጠቆሙ።

«ምነው ልጄ፣ ልጆቻችን ምን በደሉህና ባንድ ዓይን አደረግኻቸው?»

አሥራ ሁለት ጋኔን። በገዛ እጄ። ስንዱም ከሰዉ መካከል ነበረች። ዓለሙን አየችው። ሳታናግረኝ ሄደች።

ግንቦት 15

አራት ቀን። ደብተሩን አትነካም። ገጽ 36ን ትራሷ ሥር አኖርኩላት፤ መልሳ ጠረጴዛዬ ላይ። ስለምናት ስለምናት ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ። ፎቶው ያናድደኛል። ቀለሙ ያናድደኛል። ራሴን ልመታ ይቃጣኛል። ከሁሉ ግን ሊ/መንበሩ።

ግንቦት 17

ትናንት ቡሬ አፈሳ ነበር አሉ። የሊ/መንበሩ ልጅ በርበሬ ሊሸጥ ሄዶ ታፈሰ። የማን ልጅ እንደሆነ ቢናገርም የሰማው የለም፤ እዚያም ኮታ አለ። ሰው አፉን በነጠላው እየሸፈነ ሳቀ። እኔ ሳልሸፍን ሳቅሁ። እሰይ። የእጁን አገኘ። ገጽ 37፦ ትልቁ ጋኔን ራሱ ገደል ገባ።

ግንቦት 18፣ ረፋድ

መጣ። ሊ/መንበሩ፣ በእኔ ደጃፍ፣ ያለ ሽጉጡ። ሌላ ጊዜ እርስዎ እለዋለሁ። ዛሬ አላልኩትም። ልጁ ፎቶ የለውም። እሱ መልኩን እየነገረኝ እኔ እንድሥል ነው።

«እናቱ መልኩ ሳይጠፋባት፣ ባክህ» አለ።

ላባርረው ስነሣ ስንዱ ቀደመችኝ። በርጩማ አቀረበችለት። ውኃ በጣሳ ሰጠችው። ለእሱ። ዓለሙን ለወሰደው። ጣሳውን ከእጁ ለመምታት ምንም አልቀረኝ። ጠጣ። ውኃው ጢሙ ላይ ፈሰሰ። ስንዱ በሳምንቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ።

«ልጁን በሁለት ዓይን ሣለው።»

ሣልኩ። ቅንድቡ እንዲህ፣ አፍንጫው ትንሽ ሰፋ ይበል እያለኝ። ሲያልቅ አለቀሰ። አሁንም እጠላዋለሁ።

ግንቦት 19

ለምን ውኃ ሰጠሽው ብዬ ጮኽኩ። ድምፅዋን አላነሣችም። ሚስቱም እንደ እኔ ደጅ ደጁን ታያለች አለች። ውኃውን ለእሱ ብላም አልሰጠችው፤ ዓለሙን መውሰዱ ሳያንስ ስንዱን ራሷን በጥላቻ ጋኔን እንዳያደርጋት ነው። ተናድጄ ደብተሩን ከፈትኩ።

ገጽ 38። ትልቁ ጋኔን ገደሉ ሥር ወድቋል። ሰውዬው ሰይፉን አንሥቷል። የጋኔኑን ፊት ወደ ፊት አዞርኩት። ሁለተኛዋን ዓይን ሣልኩለት። ይቅር ብዬው አይደለም። የወሰዳቸው ብዙ ናቸው፣ ባንድ ዓይን አይቶ አይዘልቃቸውም። ይያቸው። ሰይፉ እንደተነሣ ነው። ይምታው፣ ውኃ ይስጠው፣ ገና አላውቅም።

ስንዱ ከኋላዬ መጥታ ቆማለች። ቂጣ ይዛለች። እየቆረሰች ትበላለች።

ከዚያስ? አለች።

ነገ ጧት ቀለሜን ይዤ ወደ ግንቡ እሄዳለሁ። ማንንም አላስፈቅድም። የማዞረው አሥራ ሁለት ፊት አለ። ከዓለሙ እጀምራለሁ።