የጠንካራው አባወራ ገንፎ

መካነ ሰላም
ጥር 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ልጄ ረምዚያ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ደሴ እንዴት አድርጋ ያዘችሽ? ስፌቱስ? እኔ ደህና ነኝ። ገብሱ ገብቷል፤ በሬዎቹም አልከሱም።

ይህን የምትጽፈው የሸሁ ልጅ ሁዳ ናት። «ቃሌን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊ፣ ከዚህ ደጅ መውጣቱን ብሰማ ግን አባትሽ ዘንድ እሄዳለሁ» ብያታለሁ። «አያ ይማም፣ ለማን ብዬ ነው የማወራው?» ትላለች። ለውሃ ወራጁ ሁሉ ነዋ። በስልክ እንዳልነግርሽ ኔትወርኩ ያለው ገበያው አናት ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከሰው ጆሮ ይበዛል።

እናትሽን ብርድ መታት ብዬሽ ነበር። ብርድ አይደለም። ከመስከረም ወዲህ ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። ሐኪም ቤት ወስጃት «ቀስ በቀስ» አሉን። አፏ ደህና ነው፤ እንዲያውም ብሶበታል። «አይንገሯት» ያለችኝ እሷው ናት።

ቤቱን ማን ያዘው ትያለሽ። እኔ። በሩን ዘግቼ አነድዳለሁ። ጭሱ ዓይኔን ቢያቀላው፣ መስጊድ ሲጠይቁኝ የአውድማ ገለባ ነው አልኋቸው። ውሃውን ሴቶቹ ሳይወርዱ፣ ከሱብሂ ሶላት በፊት አመጣለሁ። ሽሮዬ አይቀመስም፤ ገንፎዬ ግን ከአክስቶችሽ ይሻላል። ልብሷን አጥባለሁ። እሷንም።

በታኅሣሥ የቴሌቪዥን ሰዎች ውቂያ ሊቀርጹ መጡ። ጋዜጠኛዋ ሴት ናት። «አባወራ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። መንደሩ ሁሉ ቆሞ ይሰማል። «ወንድ እርፍ ይይዛል፣ ሴት ምድጃ ትይዛለች። እኔ በሰባ ዓመቴ የድስት ክዳን ከፍቼ አላውቅም» አልሁ። አጨበጨቡ። ከዚያ «እማወራዋ ምግብ ስታቀርብ እንቅረጽ» አለች። ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች አልሁ። ጎረቤታችን ባሲማ ታቅርብ ተባለ። እሷ ጎንበስ ብላ እጄን አስታጠበችኝ፣ እኔ ቀና ብዬ በላሁ። ገንፎው ጧት እኔው ያገነፋሁት ነው፤ ቀዝቅዞ ነበር። «እጅሽ ይባረክ» አልኋት።

«ጠንካራው አባወራ» ብለው አሳዩት። አንቺም በሹፌሩ በሙጀሂድ «ኮራሁብዎ፣ እናቴን ግን ለምን ደበቋት?» ብለሽ ልከሽብኛል። ይኸው መልሱ።

ባሲማ በስልኳ ለእናትሽ አሳየቻት። እስከ መጨረሻው አየችና «ደህና ሴት አግብተዋል» አለችኝ። 

አሁን ገበያ ስወጣ ወጣቱ ሁሉ ከመቀመጫው ይነሳልኛል። ከእነዚሁ የአንዱ፣ የአሻግሬ፣ ሚስት አራስ ናት። ውሃ ቅዳልኝ ብትለው «ይማም ምን አለ?» ብሎ እንደመለሰላት በኩራት ነገረኝ። ያን ዕለት እኔ ሁለት ጀሪካን አምጥቼ ነበር።  

ጭንቀቴ ይኸ ነው። ሰዎቹ ሐሙስ ሳምንት ይመለሳሉ፤ አሁን «የጠንካራው አባወራ ሚስት» ብለው እናትሽን ሊቀርጹ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ለመንደሩ ተናግሯል። ባሲማ ዳግም ታቅርብልኝ እንዳልል ባሏ ዒምራን «ሚስቴ የሰው ሚስት አትባልም» ብሎ ከልክሏታል፤ እውነቱን ነው። አይምጡ ብል ለምን ይሉኛል፤ ይግቡ ብል ያዩኛል። በዚህ ዕድሜዬ የመንደር መሳቂያ ልሁን?

ስለዚህ እስከ ረቡዕ ድረሽ። ምድጃው ዳር ቁጭ በይ፤ ቤቱን የያዝሽው አንቺ ትመስያለሽ። ሰዎቹ ሲሄዱ ወደ ስፌትሽ ተመለሽ፤ የቀረውን እኔ አውቅበታለሁ።

ይህን ለእናትሽ ነገርኋት። «ልጄን ለውሸት አይጥሯት» አለች። «ሰዎቹ ይምጡ። አልጋዬን ወደ በሩ ያዙሩልኝ፤ ማን እንደሚያበላኝ እኔ እነግራቸዋለሁ። የሚያሳፍር ምን ሠሩና ነው?»

ሁዳ እስክሪብቶዋን አቁማ አየችኝ። ጻፊ አልኋት።

አላህ እጅሽን ከመርፌ፣ መንገድሽን ከክፉ ይጠብቅልኝ። እናትሽንም በእግሯ ያቁምልን። አልጋውን እስካሁን አላዞርሁትም።

አባትሽ
ይማም አራጋው