ምራቅ የሚያስተፋ ጾም

ለውድ እህቴ ለለተገብርኤል፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጪ ግድግዳ ትይዣለሽ? የድሬ ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? መብርሃቶም፣ ልጆቹ፣ እማማ መብርሂት ሁሉም ደኅና ናቸው ወይ? እኛ ቂርቆስ ያለነው ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነን፤ አምላክ ይመስገን። "ደኅና ነን" ስል ግን ልጅሽን ፍዮሪን አልጨመርኩም። አትደንግጪ፤ አልታመመችም። ቁጭ ብለሽ አንብቢ። በስልክ ያልነገርኩሽ መጮኼ ስለማይቀር ነው፤ እኔ ስጮህ አንቺ ታለቅሻለሽ እንጂ አትሰሚኝም። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩት፤ ልጄ ሩቲ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች።

"ልጅሽ ዐቢይ ጾምን ውኃ እንኳ ሳትቀምስ እየጾመች ነው" ብዬ ያበሠርኩሽ እኔ ነኝ። አንቺም ደስ ብሎሽ "በርቺ ልጄ፣ የጀመርሽውን ሳትጨርሺ እንዳትተይው" አልሻት። እኔም ለጎረቤቱ ሁሉ ስኩራራባት ከረምኩ፤ ሩቲን "ከአክስትሽ ልጅ ተማሪ" እያልኩ መግቢያ መውጫ አሳጣኋት። ተሳስቻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ የተማርኩ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የነጋዴ ሚዛን ስመረምር የኖርኩ ሰው፣ ቤቴ ውስጥ ያለውን አላየሁም።

ያጠራጠረኝ ቅዳሜና እሑድ ነው። በነዚያ ቀናት ከጠዋት ጀምሮ እህል ውኃ እንደሚቀመስ እናታችን አስተምራናለች። ፍዮሪ ግን ከንፈሯ ተሰነጣጥቆም ውኃ አልነካም አለች። ባለፈው ሳምንት እሑድ ሳሎን ስገባ፣ ከሹራቧ ሥር ላስቲክ ለብሳ፣ ምራቋን ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ስትተፋ አገኘኋት። "የትኛው ጾም ነው ምራቅ የሚያስተፋው?" አልኳት። "ጋሼ፣ ምራቅም እኮ ይመዝናል" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፊታችን ቅዳሜ፣ በመድኃኔዓለም ዕለት፣ የቦክስ መምረጫ ግጥሚያ አለባት። የተፈጥሮ ክብደቷ ሃምሳ አራት ኪሎ ነው። አሰልጣኟ ደጋጋ ደግሞ በሃምሳ ብትገባ የሚያቆማት የለም ብሎ አሳምኗታል። "አራት ኪሎ ነው የቀረኝ" ስትል ስሰማ፣ እኔ ሞኙ ታክሲ የምትይዝ መስሎኝ ነበር። የምትጥለው ስብ እንዳይመስልሽ፤ ስብ ከየት አምጥታ! በላብና በምራቅ የምታወጣው ውኃ ነው።

ረቡዕ ክለቧ ሄድኩ። ካዛንቺስ የነበረው አዳራሽ ከፈረሰ ወዲህ መስቀል ፍላወር አጠገብ አንድ መጋዘን ውስጥ ነው የሚለማመዱት። ሚዛናቸው ውሸታም ቢሆንልኝ ብዬ የመፈተሻ ክብደቶቼን ይዤ ነበር። ፈተሽኩት፤ ልክ ነው። በሕይወቴ ትክክለኛ ሚዛን ያናደደኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ከቢፍቱ ጋር ለልምምድ ገጠመች። ቢፍቱ ያቺ ለገና እናንተ ጋ ይዛት የመጣችው ሳቂታ ልጅ ናት። በግራ እጇ የፍዮሪን ግንባር ነካ አደረገች። ሌላ ጊዜ ፍዮሪ እንዲህ ያለውን "ዝንብ ነው እንዴ?" ብላ ትስቅበታለች። ያን ቀን ግን ተንበረከከች። ዓይኗ ወደ እኔ ዞሮ አላየኝም። ቢፍቱ "ጋሼ፣ ወላሂ አልመታኋትም፣ ነካኋት እንጂ!" እያለች አለቀሰች። ደጋጋ ግን "አይዞዎት ጋሼ፣ ሚዛኑን ትለፍልኝ እንጂ ሁለት ሊትር ውኃ ግጥም አድርጋ ትነሳለች" አለኝ። "ራዲያተር ናት እንዴ፣ ውኃ ሞልተህ የምታስነሳት?" ብዬ ጮኽኩበት።

ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች የጻፉትን ሳነብ ሰነበትኩ። አንጎላችን ከራስ ቅላችን ጋር እንዳይላተም በፈሳሽ ተከብቦ ነው የተቀመጠው። አንቺ ከድሬ ብርጭቆ ስትልኪልን እያንዳንዱን በጋዜጣ ትጠቀልይው የለ? ጋዜጣውን አውጥተሽ ያንኑ ካርቶን በአውቶቡስ ብትጭኚው ምን ይደርሰናል? የደረቀ ሰውነትም እንደዚያ ነው። ጠዋት ተመዝና ከሰዓት ትጋጠማለች። የምትጠጣው ውኃ ሆዷን ይሞላል፣ ኪሎዋን ይመልሳል፤ ራሷ ውስጥ ያለው ግን በዚያች ሰዓት ላይመለስ ይችላል። አንገቷ ይዝላል፣ ዓይኗ ይፈዛል፤ ሰው የሚወድቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲመጣ ባላየው ቡጢ ነው።

ቦክሱን ተይ አላልኳትም። ስትጋጠም ከሁሉ በላይ የምጮኸው እኔ ነኝ፤ ያቺ ፈጣን እጇ ኩራቴ ናት። በሃምሳ አራት ግቢ ብቻ ነው ያልኳት። የመለሰችልኝን ታውቂያለሽ? "እማዬ ጨርሺው ብላኛለች። አሁን ብተወው ጾሙን ፈታሁ ልላት ነው? ወይስ ዋሸሁሽ ልበላት?" አለችና አንገቷን ደፋች። ቡጢ የማትፈራ ልጅ አንቺን ፈራች።

ደጋጋን በሃምሳ አራት እንዲያስገባት በስንት ጭቅጭቅ እሺ አሰኝቼዋለሁ። ግን እሷ ራሷ እስከ ረቡዕ ካልነገረችው ስሟ በሃምሳ ኪሎ ይተላለፋል። ስለዚህ ነገ ደውዪላት። ሁሉን እንዳወቅሽ፣ እንዳልተቀየምሻትም ንገሪያት። ቁጣው የኔ ድርሻ ነው፤ እኔ ለሁላችንም ተቆጥቻለሁ። አንቺ "ብዪ" በያት፣ "ጠጪ" በያት።

መብርሃቶምን ሰላም በይልኝ። የእማማ መብርሂትን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ጸሎታቸው አይለየን። ትንሿን አርያምን ጉንጯን ሳሚልኝና፣ ከላከችልኝ የሒሳብ ሥራ ሦስተኛው ስሕተት ነው፣ ደግማ ትሥራው በያት። ባለቤቴ ተናኘወርቅና ሩቲ በናፍቆት ይስሙሻል።

ፍዮሪ ነገ ከልምምድ የምትመለሰው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ያኔ እኔ ወሎ ሰፈር ሻይ ልጠጣ ብዬ እወጣለሁ። እኔ እየሰማኋት እሺ ማለት ይከብዳታል።

ወንድምሽ ተኽላይ
ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.