ካርኒቫሉ የጠፋበት ሪፖርት

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

አርፍጄ ገባሁ። አውቶቡሱን ወነጀልኩ። ምስኪን አውቶቡስ... በእኔ አፍ ስንቴ ጎማው ፈነዳ!

አዲሱ አለቃችን ሊሳንድሮ ከቦጎታው ቢሯችን ተዛውሮ መጣ። በዚህ በባራንኪያ ሙቀት ከረባት አስሯል። እዚህ ከረባት ያሰረ ሁሉ «ዶክተር» ነው፤ ማንን እንዳከመ አይጠየቅም። የምንሸጠው የበዓል ልብስና ጭምብል ነው፤ ሰውዬው ግን ለቅሶ የመጣ ይመስላል።

የእኔን ሪፖርት ከፍቶ ሲያይ ዋለ። ጥሩ ነገር ነው፣ እኔ ስለሠራሁት አይደለም... እሺ፣ ስለሠራሁት ነው። ቀኑን ራሱ እየቆጠረ፣ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ሽያጭ ከአምና ተመሳሳይ ቀናት ጋር ያስተያያል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ለድርጅቱ ባለቤት ለዶኛ ኤርሲልያ ይላካል። ማያሚ ተቀምጣ ድርጅቱን በስልኳ ነው የምትመራው። ዩኒቨርሲቲን በሁለተኛ ዓመት ለተሰናበተ ሰው ይሄ መች አነሰ?

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ጉድ ፈላ። በሌሎች ከተሞች ያሉት ሱቆቻችን የልደት ልብስ ስለሚሸጡ ሪፖርቱ ላይ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። የካርኒቫል ልብስ የምትሸጠው የእኛ ሰፈር ሱቅ ብቻ ደም መስላለች። ሰባ በመቶ ወርዳለች ይላል። ዶክተር ሰኞ ለዶኛ ነግሮ ሊያስዘጋት ነው። ካርኒቫሉ ሳይገባ!

ሴኞራ ኔልፋስ? ሱቋን ስትመራ ፀጉሯ ሸብቷል። ሌላ የት ትሄዳለች?

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13

ምሳ ሰዓት ኔልፋ ጋ ሄድኩ። የማሪሞንዳ ጭምብል ትሰፋለች፤ ያንን እንደ ኩምቢ የተንጠለጠለውን አፍንጫ። ሁሌም «የማንን አፍንጫ አይተሽ ነው የለካሽው?» እላታለሁ፣ በመቀሷ ታባርረኛለች። ዛሬ አልቀለድኩም። ነገርኳት።

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና...

«አምና በዚህ ሰሞን ካርኒቫሉ አልቆ ሰው ግንባሩን አመድ ሊቀባ ቤተ ክርስቲያን ተሰልፎ ነበር። ዘንድሮ ገና ሊመጣ ነው። አንተ የዚህ ሰፈር ልጅ አይደለህም እንዴ?»

ውይ... ቆሜ መሄድ ሳልችል የጨፈርኩ ሰው! ካርኒቫል ከፋሲካ ጋር እንደሚዞር ረሳሁት። የአምናውን ግርግር ዘንድሮ ገና ካልደረሰው ጋር አስተያይቼ ሴትዮዋን አሰናበትኳት። ጎበዝ ዳይሮ። ጭብጨባ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 14

ዶክተር ጋ ገባሁ። በጨዋ ደንብ፣ ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከትቼ። ስህተቱ የእኔ ነው አልኩት። መቁጠር ያለብን ጾሙ ከሚገባበት ከአመድ ረቡዕ ወደ ኋላ ነው፣ ያኔ የዘንድሮው ዋዜማ ከአምናው ዋዜማ ጋር ይገጥማል አልኩት። ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም።

«ሪፖርት አይዋሽም፣ ዳይሮ። ለጭፈራችሁ ብዬ ያገሩን ቀን አልቀይርም።»

አይዋሽም? እንዴት ደስ ይላል...

እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 16

ትንሽ ነገር ሠራሁ። በጣም ትንሽ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

የጠዋቱ ሪፖርት ወጣ። ከታች አንድ አዲስ መስመር፣ በቀይ፦ «ዶክተር ሊሳንድሮ ባለፉት ሁለት ቀናት ሥራ ገበታቸው ላይ መገኘታቸው፣ ከአምና ተመሳሳይ ቀናት ጋር ሲነጻጸር፣ መቶ በመቶ ቀንሷል።» ውሸት የለበትም። የበር ካርዱ፣ አምና የቦጎታው ዘንድሮ የእኛው፣ የመዘገበው ነው።

ዶኛ ደወለች። ዶክተር ሱቋን ስለማስዘጋት ሊያወራ ተዘጋጅቶ ስለነበር ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍቶት ነበር።

«የት ጠፍተህ ነው፣ ሊሳንድሮ?»

«ቅዳሜና እሁድ ነበር፣ ዶኛ።»

«አምና በዚህ ቀን ግን ገብተሃል።»

«አምናማ ሐሙስና ዓርብ ነበር። ቀኑ ዞሮ ነው እንጂ...»

እዚያው ላይ ቆመ። ሁላችንም ጣሪያውን ማየት ጀመርን። ቆንጆ ጣሪያ ነው።

«ሪፖርት አይዋሽም፣ ዶክተር» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

ዶኛ ማነው ያ አለች። እኔ ነኝ አልኩ፣ ስለ ካርኒቫሉም ነገርኳት። ልጅነቷን እዚሁ የጨፈረች ሴት ናት፤ ረጅም ሳቅ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቆረጠች። ሱቁ አይነካም። አቆጣጠሩ ዛሬውኑ ይስተካከል። ልጁ ደግሞ አለቃውን በአደባባይ ስላዋረደ ካርኒቫሉን በሙሉ ሱቅ ቆሞ ይሸጣል።

ካርኒቫሉን በሙሉ? ዓመቱን ሙሉ ከጭፈራ ቡድኔ ጋር የተለማመድኩትስ? ...ኔልፋ ስትሰማ አቀፈችኝ። ቀጥላ መጥረጊያ ሰጠችኝ።

ረቡዕ፣ ማርች 5

የአመድ ረቡዕ። ጠዋት እየሮጥኩ ቤተ ክርስቲያን ጎራ ብዬ አመዴን ተቀባሁ። ካርኒቫሉ አልፏል፤ ቡድኔ ቅዳሜ በሱቁ በር ሲያልፍ ለአንዲት ወፍራም ሴትዮ ጭምብል እያስለካሁ ነበር። እንደ ካርኒቫሉ ደንብ በዱቄት ደበደቡኝ፣ ከሃዲዎች። እግሬ ግን ከባንኮኒው ሥር ጨፍሯል።

አዲሱ አቆጣጠር ውጤቱን አወጣ። ዋዜማ ከዋዜማ ጋር። ሱቋ ከአምናው በአራት በመቶ አድጋለች። አራት።

ዶክተር መጣና በሩን ዘጋ። ከረባት የለም። «ወንድሜ ዳይሮ» አለኝ... ወንድሜ! የድሮውን አቆጣጠር ለዚህ ሳምንት ብቻ ብትመልሰውስ? በሱ ከሄድን ሽያጩ አምስት እጥፍ ሆኗል፣ ለዶኛም ደስታ ነው። እውነቱን ነው፤ አምና በነዚህ ቀናት ሰው ጾም ገብቶ ሱቁ ውስጥ ዝንብ ብቻ ነበር። እምቢ አልኩት።

ኔልፋ ጋ ሄድኩ፣ ቢያንስ እሷ ታመስግነኝ ብዬ። «አራት ብቻ? አርባ ብታደርገው ማን ያይሃል፣ ልጄ?» አለችኝ። እሷንም እምቢ አልኩ። ተቀየመችኝ።

ምን ነካኝ? ጠዋትም እንዲሁ... አርፍጄ ስገባ ጥበቃው «ዛሬስ አውቶቡሱ ምን ሆነ?» አለኝ። ምንም አልሆነ፣ ተኝቼ ነው አልኩት።

ግንባሬን ዳሰሰኝ፣ ትኩሳት እንዳለኝ ሊያይ። እጁ በአመድ ተለቀለቀ።