ያልነዳሁት መኪና

ሐሙስ፣ ማርች 2፣ 1989

ሦስተኛው የቤት አከራይም እምቢ አለ። የዌስትቼስተሩ። አፕሊኬሽኔን ከተቀበለ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። የዕዳ አከፋፈል ታሪኬን የያዘውን ወረቀት፣ ክሬዲት የሚሉትን፣ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረገና በእስክሪብቶው ጫፍ አንድ መስመር አሳየኝ። ዕዳው ባለመከፈሉ የተወሰደ መኪና፤ በእኔ ስም።

እኔ መኪና መንዳት አልችልም። ሎስ አንጀለስ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ዛሬም በአውቶቡስ ነው የምሄደው።

መኪናው የአክስቴ ልጅ የዳዊት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ሲገዛ ዋስ ሁኚኝ አለ። አክስቴም ከአዲስ አበባ ደወለች። "ፊርማ ብቻ እኮ ነው" አለኝ እሱ። ፈረምኩ። አንድ ኪሎ በርበሬ እንኳ ሳላሸት የማልገዛ ሰው፣ ያንን ወረቀት ሳላነበው ፈረምኩ። ዓመት ያህል ከፈለና ወደ ሲያትል ሄደ። መኪናውን ወሰዱት፤ እኔ ላይ ይቺ መስመር ቀረች።

አሁን ያለሁት ፓልምስ፣ ጓደኛዬ ጽጌ ቤት ነው። የባሏ እናትና ሁለት እህቶቹ በ18 ከካርቱም ይገባሉ። ጽጌ ውጪ አላለችኝም፣ አትልምም። ግን ትናንት የምተኛበት ክፍል በር ላይ ቆማ በዓይኗ አልጋ ስትዘረጋ አየኋት።

አሥራ ስድስት ቀን አለኝ።

ዓርብ፣ ማርች 3

ሰኞ ጾም ይገባል። ሽሮው ከቀትር በፊት አለቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ሱቄ ፌርፋክስ ላይ ያለው የሳም ልብስ ስፌት ቤት ግማሹ ነው። ሽማግሌው ሳም በመስኮቱ በኩል ሱሪ ያሳጥራል፣ እኔ በግድግዳው በኩል በርበሬ፣ ሽሮና ነጠላ እሸጣለሁ። ደንበኞቹ ሱሪያችን በርበሬ በርበሬ ይላል እያሉ ያሾፉበታል።

ጋሼ ከበደ ታክሲያቸውን መንገድ ላይ ደርበው አቁመው ገቡ። የአባቴ ወዳጅ ነበሩ፤ እዚህ አገር አለሁሽ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው።

"ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የጠቆረው?"

ነገርኳቸው።

"ታዲያ ሽማግሌ ሳትልኪ ነው ቤት የምትጠይቂው?"

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። "ከኋላሽ ሰው መኖሩን ካላዩ ምን ብለው ያምኑሻል?"

ከሄዱ በኋላ ሳስበው ሞኝነት አልመሰለኝም። አባቴ መርካቶ የመጀመሪያ ሱቁን የተከራየው በሁለት ሽማግሌ ነው።

ነገ የማየው ቤት ኢንግልዉድ ነው። ባለቤቷ እዚያው ሕንጻ ውስጥ ይኖራሉ አሉ። ይሄ ጥሩ ነው። ከቢሮ ጋር መነጋገር አይቻልም፤ ከሰው ጋር ይቻላል።

ቅዳሜ፣ ማርች 4

ቤቱን ወደድኩት። ፊቴ ላይ እንዳይታይ ግን ተጠነቀቅኩ።

አንድ መኝታ ቤት። ሰፊ የወጥ ቤት መስኮት። አውቶቡስ ማቆሚያው ሁለት ብሎክ። አውሮፕላን በየደቂቃው ጣሪያውን ሊነካው ምንም አይቀረው፤ ኪራዩም የረከሰው ለዚህ ነው። ቧንቧው ይንጠባጠባል (ዝም አልኩ፤ ለዋጋ ክርክር ይቆየኝ)።

ባለቤቷ ሚስስ ቴይለር ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሲያዩኝ የቤት ሥራዬን ያልሠራሁ መሰለኝ።

"ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?"

"ብቻዬን።"

"ሁሉም ብቻዬን ይላል። ባለፈው የተከራየኝም እንደዚያው አለኝ፤ ሲወጡ ሰባት ሆነው ወጡ።"

ቅጹን ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አምጪ አሉኝ። ስለ እኔ የሚመሰክሩ ሰዎች በሚለው ቦታ ላይ ጋሼ ከበደንና ጽጌን ጻፍኩ።

እሑድ፣ ማርች 5

በገዛ እጄ አበላሸሁት።

ጋሼ ከበደን ሽማግሌ ይሁኑኝ ብዬ ለመንኩ፤ ሁለት ጓደኞቻቸውን ይዘው መጡ። ሦስቱም ሙሉ ልብስ፣ ከላዩ ነጠላ። እኔ ከኋላ። ሚስስ ቴይለር መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አዩን። በሩን የከፈቱት ሰንሰለቱን ሳያወልቁ ነው። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ከአያቴ አንስተው ይናገሩ ጀመር።

አባቴ ላይ ሳይደርሱ ሴትዮዋ እኔን ቀና ብለው አዩኝ። "አንድ ሰው ነበር ያልሽኝ" አሉና በሩን ዘጉት። ቅጹ እጄ ላይ ቀረ።

ስለ ሰባቱ ሰዎች ትናንት ነግረውኛል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰምቼ አራት ሆኜ ሄድኩ።

በጋሼ ታክሲ ተመለስን። ፍሪዌይ ላይ ስንወጣ ጋሼ "ለጋብቻ ቢሆን ኖሮ እኮ ቢያንስ ግቡ ይሉን ነበር" አሉ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሰኞ፣ ማርች 6

ጋሼ ከበደ ጠዋት ሱቅ መጡ። "እኔ እፈርምልሻለሁ። የእኔ ክሬዲት ንጹሕ ነው።"

"አይሆንም ጋሼ።"

"ለምን? አልከፍል ብለሽ ትጠፊያለሽ?"

"አልጠፋም። ዳዊትም ሲያስፈርመኝ ልጠፋ ነው አላለኝም።"

ተቀየሙ። ሽሯቸውን ሳይወስዱ ወጡ። ልክ ነኝ፤ ግን ልክ መሆኔ ቤት አይሆነኝም። አሥራ ሁለት ቀን።

ሳም ምን ተፈጠረ አለኝ። የትናንቱን ስነግረው መቀሱን አስቀምጦ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ቅጹን አሳዪኝ አለ።

"አራት ዓመት ሙሉ በወሩ መጀመሪያ ኪራይ ትከፍይኛለሽ። የእኔ ስም የታለ?"

"አንተ ዘመዴ አይደለህማ።"

"መኪናውን በፊርማሽ ገዝቶ የጠፋው ዘመድሽ አይደል?"

ስሙን ቅጹ ላይ ጻፍኩ። ለሰው የሚመሰክርለት የሚወደው ነው ብዬ ነው የማውቀው። ኪራይ የሚቀበለኝ ሰው ምስክር ይሆነኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ማርች 8

ብቻዬን ኢንግልዉድ ሄድኩ። ሳም በየወሩ የሰጠኝን ደረሰኞች በሙሉ በብስኩት ቆርቆሮ ይዤ። አርባ ስምንት ናቸው።

ሚስስ ቴይለር በሰንሰለቱ ክፍተት አጮልቀው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዩ።

"ዛሬስ ስንት ናችሁ?"

"አንድ።"

በሩ ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መኪናውን፣ ፊርማውን፣ ዳዊትን። የክሬዲት ቢሮው ሲነግራቸው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙት ብዬ። እነዚያ ሰዎችስ አሉኝ። "በእኛ አገር ብቻውን መጥቶ የሚጠይቅን ሰው ማንም አያምነውም። የእኔ ክሬዲት እነሱ ናቸው" አልኳቸው።

ከዚያ ሰንሰለቱን አወለቁት።

"ልብስ ሰፊው ስልኬን ከቅጹ ላይ አግኝቶ ትናንት ደውሎልኛል። ግማሽ ሰዓት አወራ። አንድም ቀን አላዘገየችም፣ ግን በሁሉ ነገር ትከራከራለች አለኝ።"

"ቧንቧው ይንጠባጠባል" አልኩ። ከየት እንደወጣ እኔም አላውቅም።

አልሳቁም። ቅድመ ሁኔታቸውን ዘረዘሩ፦ የሁለት ወር ዲፖዚት (መያዣ ገንዘብ)፤ ውሉ በየወሩ የሚታደስ፤ ከእኔ ሌላ ሰው ካደረ በዚያው ቀን እወጣለሁ። ዓርብ ልንገርሽ አሉ። እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ።

ዓርብ፣ ማርች 10

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። በየደቂቃው እየነካሁት ነው።

የሚገዛ፦ ፍራሽ፣ አንድ ድስት፣ መጋረጃ፣ አምፖል። ቧንቧው ተሠርቷል።

ለጋሼ ከበደ ሰኞ ጥለውት የሄዱትን ሽሮ ታክሲ ማቆሚያቸው ድረስ ወሰድኩላቸው። "ሽማግሌዎቹ ባይሄዱ እኮ አታስታውስሽም ነበር" አሉ። ይሁን አልኩ።

ቅዳሜ፣ ማርች 11

ዳዊት ሱቅ ደወለ። ቤት መያዜን ከጽጌ ሰምቷል። ሥራ ቀዝቅዞበታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል።

"ሁለት ሳምንት ብቻ። ወንድምሽ አይደለሁ?"

ስለ መኪናው ጠየቅኩት።

"አይዞሽ፣ እሱን አስተካክላለሁ። አሁን እማዬን አታስጨንቂያት።"

የአክስቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ እንደምትደውል አውቃለሁ፤ ምን እንደምላት ግን አላውቅም። ሳም መርፌውን አቁሞ ያየኛል።

"አድራሻሽን ስጪኝ" አለ ዳዊት።

የሱቁን ሰጠሁት።