ድመትሽን አሁን የምወጋው እኔ ነኝ

ልጄ ፍሬሕይወት፣ ፍሬዬ፤

መርዶሽ የደረሰኝ ማለዳ ለድመትሽ ለአምባዛ ዓሣ እየቀቀልኩለት ነበር። በዋዜማው ማታ ከሥራ ሳትመለሺ ስትቀሪ፣ አብራሽ በእንስሳት ጤና የምትሠራው ሰላማዊት ደውላ «እማማ፣ ስብሰባ ይዟት ምዕራብ ዓባያ ታድራለች፤ አያስቡ» አለችኝ። አመንኳት። እንዲያውም ተናድጄብሽ ነበር። የድመትሽ የመርፌ ሰዓት አለፈ፣ ነገ መጥታ ምን እንደምትል አያለሁ እያልኩ ነው ያደርኩት። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የግቢው በር ተንኳኳ። የእድር ሰዎች ነበሩ፤ ከኋላቸው ሰላማዊት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ድስቱን ከእሳት ላይ ያወረደው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከተለያየን ስምንት ወር ሆነ። ቶሎ ያልጻፍኩልሽ ፊደል ጠፍቶኝ አይደለም። የምነግርሽ ነገር ስላለ፣ እሱን ሳልጽፍ ሌላውን መጻፍ ስላቃተኝ ነው።

ቤቱ እንደነበረ አይደለም። የአባትሽ ታላቅ እህት እትዬ ዓለሚቱ ለለቅሶ ከዶርዜ ወርዳ «ብቻሽን አትሆኚም» ብላ እዚሁ ቀርታለች። አልጋሽ ላይ የምትተኛው እሷ ናት። ቀን ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፤ የሰፈራችን የሲቀላ ሙቀት ግን እስከ ዛሬ አልተስማማትም። «እዚህ የሚኖር ሰው ንስሐ ተሰጥቶት ነው ወይ?» እያለች ታስቀኛለች። አዎ፣ አንዳንዴ እስቃለሁ። ስስቅ ደግሞ አንቺን የበደልኩ ይመስለኛል።

አምባዛ አለ። ከጫሞ ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ ከሚራገፍበት ቦታ አንስተሽ በቦርሳሽ ያመጣሽው ቀን ትዝ ይልሻል? ረጃጅም ጢሙን እያሳየሽኝ «እማ፣ ይሄ ድመት አይደለም፣ ጢማሙ ዓሣ አምባዛ ነው» አልሽኝ፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ዓሣና ዳቦ ስናበላው ወፍሮ መራመድ እስኪያቅተው ደረሰ። በኋላ ደግሞ እየበላ ይከሳ ጀመር፤ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሳይቀር ውሃ ይጠጣል። ጆሮውን በመርፌ ጫፍ ነክተሽ ደሙን በመለኪያው አየሽና «ስኳር አለበት» አልሽ። እኔ ሳቅኩ። «የድመት ስኳር! ለዶሮዋም መነጽር ግዢላት» አልኩሽ። ጎረቤቱም ሁሉ ሳቀ። አንቺ ግን ጠዋት አንድ ሰዓት በመርፌው ላይ ሁለት መስመር፣ ማታ አንድ ሰዓት ሁለት መስመር ኢንሱሊን መውጋት ጀመርሽ። ከምዕራብ ዓባያ በየማታው የምትመለሺው ለእሱ ነበር። አንድ ሕግ ነበረሽ፤ መጀመሪያ ይበላል፣ ከዚያ ይወጋል። ሳይበላ ከተወጋ ስኳሩ ወርዶ ሊሞት ይችላል ብለሽ ስንት ጊዜ ነገርሽኝ።

«እማ፣ አንድ ጊዜ ያዢው፣ ቀላል ነው፤ እኔ ስቸኩል ታግዢኛለሽ» ብለሽ ለመንሽኝ። «ሰው መድኃኒት አጥቶ በሚሞትበት አገር እኔ ድመት አልወጋም» አልኩሽ። ደጋግመሽ ለመንሽኝ፤ ደጋግሜ እንዲሁ መለስኩልሽ።

ፍሬዬ፣ መጻፍ ያቃተኝ ይሄ ነው። በዚያች የመጨረሻዋ ጠዋት አምባዛ አልበላም አለ። ሳህኑን ይዘሽ ከአልጋው ሥር ተንበርክከሽ ታባብዪው ነበር። ወደ ምዕራብ ዓባያ የመጀመሪያው መኪና ሊሄድ ነው፣ ሥራሽ ይበልጣል ብዬ ጮህኩብሽ። «እንግዲያው አንቺ ቆይተሽ ውጊልኝ» አልሽኝ። ዝም አልኩ። ድመቱ እስኪበላ ጠበቅሽ፣ ወጋሽው፣ ጉንጬን ስመሽኝ ሮጠሽ ወጣሽ። የመጀመሪያው መኪና በሰላም ገባ። የተገለበጠው አንቺ የደረስሽበት ሁለተኛው ነው። ያን ጠዋት መርፌውን ብይዝልሽ ኖሮ በፊተኛው ትሄጂ ነበር። ይህን ለአክስትሽም ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም።

በለቅሶው ሦስት ቀን ድመቱን ያስታወሰ ሰው የለም። የመጣው እንግዳ ዳቦ እየጣለለት፣ መርፌ ሳያገኝ ከረመ። ሰላማዊት ከአልጋሽ ሥር ስታወጣው ስኳሩ ጨምሮ የኋላ እግሮቹ ከድተውታል፤ በጣቶቹ መቆም ትቶ በተረከዙ ነበር የሚሄደው። እውነቱን ልንገርሽና፣ ያኔ ላየው አልፈልግም ነበር። እሱ በቶሎ በልቶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ነበር የማስበው። ሰላማዊት ጠዋትና ማታ እየተመላለሰች ወጋችው። ወር ሊሞላት ሲል «እማማ፣ እኔ ወደ መስክ ልወጣ ነው፤ ከእንግዲህ እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ማንጎ ላይ ውሃ እያስወጋች አስተማረችኝ። ብልቃጡን በመዳፌ መሐል ቀስ አድርጌ ማንከባለልን፣ አለመናጥን፣ የማጅራቱን ቆዳ አንስቼ ከሥሩ ማስገባትን ተማርኩ። መብራት ሲጠፋ መድኃኒቱ እንዳይሞቅ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልዬ እርጥብ አሸዋ ውስጥ በቆመች ማሰሮ አስቀምጠዋለሁ። መጀመሪያ የወጋሁት ቀን እሱ ምንም አላለም፤ የጮህኩት እኔ ነኝ።

መንፈቅሽ ዐቢይ ጾም ላይ ዋለ። ያን ቀን መጀመሪያ መቃብርሽ ጋ፣ ከዚያ ቅዳሴ ልቆም አስቤ ቸኮልኩ። ዓሣው ገና አልበሰለም ነበር። ሕግሽን አፍርሼ በመጀመሪያ ወጋሁትና ለአክስትሽ «እትዬ፣ ሲበስል አብርደሽ ስጪው» ብያት ወጣሁ። በጾም ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ መሆኑን ታውቂያለሽ። አሥር ሰዓት ገደማ ስመለስ አምባዛ ደጃፉ ላይ ተዘርግቷል። አፉ አረፋ ይዟል፤ ዓይኑ ተከፍቷል፣ እኔን ግን አያይም፤ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ዓሣው ድስት ውስጥ ተከድኖ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ አልሰጠሽውም እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ ጾመኛ፣ እኔ ጾመኛ» አለችኝ። «በልጃችን መንፈቅ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ በዚህ ቤት ዓሣ ይበላል? ትንሽ ቢታገሥ ምን ይሆናል ብዬ ነው እንጂ። ድመት አይደለም ወይ?»

በክፋት አይደለም ፍሬዬ። አንቺን ለማክበር ነው። እኔም የመድኃኒቱን ነገር አልነገርኳትም፤ መቸኮሌን ብቻ ነው የነገርኳት። ሰላማዊት ጋ ስደውል «ማር! ድዱ ላይ በጣትዎ ይቀቡት፤ ጉሮሮው ውስጥ አያፍስሱ፣ ያንቀዋል» አለች። ማሩን ሮጣ ያመጣችው አክስትሽ ናት፤ ከዶርዜ ለራሷ ሳል ይዛው የመጣችውን። እኔ ጭንቅላቱን ደገፍኩ፣ እሷ እያለቀሰች ቀባችው። ብዙ ቆይቶ ምላሱን አወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ግድግዳ ይገጭ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዝንብ በዓይኑ ሲከተል አየሁት።

ከዚያ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ። አንድ ቀን መርፌውን ዘለልኩ፣ ሌላ ቀን ዘለልኩ። ተመልሶ ሳፋው ላይ ተደፋ። ሰላማዊት መጥታ አየችውና «እማማ፣ ከደከምዎት ማንም አይፈርድብዎትም። ሳይሰቃይ የሚያርፍበት መድኃኒት አለ፤ እኔው አደርገዋለሁ» አለችኝ። ስትናገር ደረቴ ቀለል ሲለኝ ተሰማኝ፤ የፈራሁትም ያኔ ነው። ከእሱ ብገላገል ከዚያች ጠዋት የምገላገል መስሎኝ ነበር። መንፈቅሽን ያበላሸሁትስ ቸኩዬ ነው ወይስ ውስጤ በድመቱ ቂም ይዞ? ቀኑን ሙሉ ራሴን ጠየቅኩ። አሁንም እጠይቃለሁ። ድመቱ ያደረገው ነገር ግን አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ጠዋት አልርበው አለ። ቆመሽ የጠበቅሽው በራስሽ ፈቃድ ነው፤ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ለሰላማዊት «ይቆይ» አልኳት። ዓሣውን አቀረብኩለት፣ እስኪጨርስ አጠገቡ ቁጭ አልኩ፣ ከዚያ ወጋሁት።

አሁን ሁለት ሰዎች ነን። አክስትሽ ጭኗ ላይ ትይዘዋለች፣ እኔ እወጋለሁ። በጾም ቀን ከእኛ ቀድሞ እሱ ይበላል፤ «ቶሎ ብላ፣ አንተ አረመኔ» እያለች አጥንቱን የምትለቅምለት እሷ ናት። እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ሰላማዊት ኩላሊቱም እንዳሳሰባት ነግራኛለች፤ ዕድሜው ረጅም አይመስላትም። ጠዋት ጠዋት ሳህኑን ሳስቀምጥለት፣ አሽትቶ ፊቱን ቢያዞርስ እያልኩ አፍ አፉን አያለሁ። አንዳንድ ቀን ያዞራል። ያን ጊዜ አንቺ እንደጠበቅሽው እጠብቀዋለሁ፤ የትኛውም መኪና ይሂድ።

ፍሬዬ፣ ይቅር በይኝ። ለምነሽኝ እምቢ ያልኩሽን ነገር ዛሬ ሳትለምኚኝ አደርገዋለሁ፤ ዘግይቼ። እሱ ሲሞት መርፌውን እጥለው ይሆናል፤ የአንቺን ስም ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ማታም አንድ ሰዓት ላይ ሳልጠራ አልውልም፣ አላድርም።

ሰላማዊት ይህን ደብዳቤ በስልኳ ለሰው እንድታወጣው ፈቅጄላታለሁ። እናንተ የምታነቡት፣ ልጅ ያላችሁም የሌላችሁም፣ አደራችሁን ለልጄ ጸልዩላት። እኔ ብቻዬን ስጸልይ በመሐል ያቺ ጠዋት ትመጣብኝና ጸሎቴ ይቋረጣል፤ እናንተ ጨርሱልኝ። የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው። ስሟ ቢጠፋችሁም «የዚያችን የአርባ ምንጭ ልጅ ነፍስ ማር» በሉ። ፈጣሪዋ ያውቃታል።

እናትሽ