የከሳው የእማማ ፊት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ እንዴት ናቸው? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ያሠቃይሃል? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ቆመን እንሄዳለን ማለቴ ነው።

ዓመቷ ሳይሞላ ይድረስ እያልክ በስልክ ስታጣድፈኝ የነበረው የእማማ ሐውልት ቆሟል። ፊቷ ግን ተበላሽቷል። እንዴት እንደተበላሸ ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።

ፎቶዋን ያዘጋጀሁት አንተ በላክልኝ ላፕቶፕ ነው። የጫንክበትን ሲስተም ነፃ ነው፣ ኮዱም ለሁሉ ክፍት ነው፣ ምሥጢር የለበትም እያልክ ስታሞግስልኝ ነበር። መጀመሪያ ስከፍተው ስክሪኑ ጨልሞብኝ ብደውልልህ፣ ላፕቶፑ ሲነሳ እንድጽፍበት አንዲት ቃል ፊደል በፊደል ነገርከኝና በራ። «ለጊዜው ነው፣ በኋላ እናስተካክለዋለን» አልከኝ። ያ በኋላ እስካሁን አልመጣም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሪዞሉሽኑ ከልኩ ወርዶ ሁሉም ነገር ወደ ጎን ተለጠጠ፤ ክቡ ሞላላ፣ ሰው ሁሉ ጉንጫም ሆነ። ብነግርህ አጥፍተሽ አብሪው አልክ፤ አጥፍቼ አበራሁ። ደግሜ ብነግርህ አፕዴት አድርጊው አልክ፤ አደረግሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስደውል ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ።

የእማማን ፎቶ ብከፍተው እሷም ጉንጯ አብጦ ታየኝ። እሷን አልመስል ስትለኝ ከግራና ከቀኝ እየጨመቅሁ አጠበብኳት። ስክሪኑ ላይ ያቺ የምናውቃት እማማ ስትሆንልኝ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ሐውልት ሠሪው በሕይወት ሳለች አያውቃትም፤ ፋይሉን በፍላሽ ወስዶ እንዳለ ቀረጸው።

ድንጋዩ ሲገለጥ ጉንጯ የጎደጎደ፣ አገጯ የሾለ ሴት ናት። አክስታችን ፊቷን አዞረች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ላፕቶፑን ይዤ ኮምፒውተር ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። አየት አደረገና ይህችን ቃል ማን ጻፋት ብሎ ጠየቀኝ። ለካ የግራፊክስ ድራይቨሩን፣ ስክሪኑን በልኩ የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ አትሥራ ብላ አስራ ያስቀመጠችው ያንተ ቃል ኖራለች። ድራይቨሩ ምንም አልሆነም አለኝ። ቃሏን አጠፋና እንደገና አስነሳው፤ ክቡ ክብ ሆነ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። እዚያው ፎቶዋን ከፈትኩና በገዛ እጄ ያከሳኋትን እናቴን አየኋት። አንተን ብቻ አልወቅስም፤ እኔም ድንጋዩ ከመነካቱ በፊት በወረቀት አትሜ ማየት ነበረብኝ።

ሌላ እናስቀርጽ ብዬ አባባን ለመንኩት። ሐውልቱን በመዳፉ ዳበስ አደረገና «ተዪው። የሄደችብኝ እንዲህ ሆና ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት በማንኪያ ስናጎርሳት ጉንጯ ልክ እንዲህ ነበር። አንተ ግን አላየህም። ትኬት ቆርጫለሁ ስላልካት ሁለት ጊዜ በር በሩን ስታይ ውላለች።

አባባ ሰላም ብሎሃል። አክስታችንም ሰላም ብላሃለች፤ ሌላም ብላ ነበር፣ እሱን ትቼዋለሁ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ትንሹን ልጅህን ሳምልኝ። ትልቋ የአያቴን ፎቶ ላኪልኝ ስላለችኝ ሐውልቱን ፎቶ አንስቼ ከዚህ ጋር ልኬላታለሁ። ለምን እንዲህ ከሳች ብላ ስትጠይቅህ፣ አንተው ንገራት።

እህትህ
ከእማማ መኝታ ክፍል፣ ሚያዝያ ፳፩ ቀን